ኮሶውን ማን አሳየው?

ከፍኖተ ሰላም ወደ ሰሜን፣ ወደ ሰከላ ሲወጣ ዋንዛውና ብሳናው እየሳሳ ሄዶ የኮሶ አገር ይመጣል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በጥቅምት 1763 ዓ.ም.፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1770፣ እዚሁ ሰከላ፣ ግሽ ዓባይ የደረሰው የዓባይን ምንጭ ፍለጋ ነበር። ምንጩን ግን ሚሲዮናዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1618 እ.ኤ.አ. አይቶት ነበር፤ አገሬውማ ከጥንት ጀምሮ ይሳለመዋል። እኔ ብሩስን የማከብረው በሌላ ሥራው ነው፤ በየመንገዱ ያየውን ዛፍ፣ ወፍና አውሬ በጽሑፍና በሥዕል አስቀርቷል።

በ1790 እ.ኤ.አ. ካሳተማቸው አምስት ጥራዞች የመጨረሻው ስለ ዕፀዋትና እንስሳት ነው። ኮሶ፣ እንሰት፣ ጤፍ፣ ቁልቋል፣ ዋንዛ አሉበት፤ እርኩምና ሽኮኮም አሉ። አብዛኞቹ የተጻፉት አገሬው በሚጠራቸው ስም ነው። እነዚህን ስሞች ለብሩስ የነገረው አራሽ፣ እረኛ ወይም መንገድ መሪ ሳይሆን አይቀርም፤ የእነሱን ስም ግን አናገኝም። ዋጊኖስ የተባለውን ተክል እንውሰድ። ሥሩ ለደም ተቅማጥ እንደሚበጅ ብሩስ የሰማው ከአገሬው ነው፤ ራሱም ታክሞበት ተሽሎታል። ዛሬ ተክሉ በሳይንስ መጠሪያው ብሩሲያ ይባላል። ያሳየው ሰው ሳይጠራ በብሩስ ስም መሰየሙ ሁልጊዜ ይቆረቁረኛል።

የብሩስ ሠዓሊም ቢሆን ከዚህ ዕጣ አልተረፈም። ቦሎኛ የተወለደው ሉዊጂ ባሉጋኒ ግሽ ድረስ አብሮ ሄዶ፣ በ1771 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ ሞተ። ብሩስ ግን ግሽ ሳይደርሱ እንደሞተ አድርጎ ጻፈ። የባሉጋኒ የእጅ ማስታወሻዎች እውነቱን ባይናገሩ ኖሮ፣ ቅጠሉን ከነደም ሥሩ የሣለ ሰው ከታሪክ ተፍቆ ይቀር ነበር።

ከዚያ ወዲህ ዕፀዋትን የመመዝገቡ ሥራ ወደ ተቋም ገባ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ብሔራዊ ሄርባሪየም የደረቁ ናሙናዎችን ያስቀምጣል፤ በ1980 እ.ኤ.አ. የተጀመረው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ በ2009 ተጠናቀቀ። ታላቅ ሥራ ነው። ሆኖም በመጽሐፉ አንድ ተክል ጎጃም መኖሩን የሚነግሩን ሁለት የላቲን ፊደሎች ብቻ ናቸው። ቡሬ ፈጠም ዳር ይሁን ሰከላ ተራራ ላይ ለማወቅ ናሙናው የተለጠፈበትን ወረቀት ማየት ያሻል፤ የሰብሳቢው ስም፣ ቀኑና ቦታው ያለው እዚያ ነው።

ስለዚህ እኔ ዛፍ የምመዘግብበት ደብተር እንደዚያ ወረቀት ነው የተሰመረው፦ ቀን፣ ቀበሌ፣ ወንዙ ወይም ደብሩ፣ አበባ ወይም ፍሬ፣ ለኮሶ ደግሞ ወንዴ ወይም ሴቴ፤ መድኃኒቱ የሚወሰደው ከሴቴዋ ቀይ አበባ ስለሆነ ይህ ሊዘነጋ አይገባም። የመጨረሻው ዓምድ «ያሳየኝ» ይላል። ባሕር ዛፉ ማሳውን እየያዘ ሲሄድ አገር በቀሉ ዛፍ በየደብሩ ዙሪያ ተጠግቷል፤ የትኛው ጽድ መቼ እንደወደቀ፣ የትኛው ወይራ ከግንዱ እንዳቆጠቆጠ የሚያውቁት ቄሰ ገበዙና እረኞቹ ናቸው። ፈቃዳቸውን ጠይቄ ስማቸውን ከነአባታቸው እጽፋለሁ።