የህመም ምስክር

አንድ ቅጠል ትኩሳት ያበርዳል ከተባለ ቴርሞሜትር አለ። ተህዋስ ይገድላል ከተባለ ማይክሮስኮፕ አለ። ህመም ያስታግሳል ሲባልስ? እዚህ ላይ ነገሩ ይጠብቃል። ህመም በሚዛን አይቀመጥም፣ በሜትር አይለካም። ያመመው ሰው "አሁን ተሻለኝ" ካለ ማመን ነው፣ "ባሰብኝ" ካለም ማመን ነው። በአጭሩ ህመም አንድ ምስክር ብቻ ነው ያለው፤ ምስክሩም ራሱ ባለጉዳዩ ነው።

የህመም ማስታገሻ ዕፅዋት የተፈተሹበት ታሪክ ሁለተኛ ምስክር ሲፈለግ የኖረበት ታሪክ ነው ማለት ይቻላል። ፍለጋው ከ250 ዓመት በላይ ፈጅቷል፤ ዛሬም አላለቀም። እኛን የሚመለከተን ደግሞ በጓሯችን ያሉት ቅጠሎች ተራቸው ደርሶ ወረፋ ላይ ስለቆሙ ነው። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመተ ምሕረቶች ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

የቄሱ ቅርፊት

ከአኻያ ዛፍ እንጀምር። ወንዝ ዳር የሚበቅለው አኻያ ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ አገር ዘመዱን ቅርፊት ደግሞ በኦክስፎርድሺር፣ ቺፒንግ ኖርተን በምትባል ከተማ ይኖር የነበረ ኤድዋርድ ስቶን የሚባል ቄስ ቀመሰው። በጣም መረረው። ምሬቱ ከደቡብ አሜሪካ በውድ ዋጋ ይመጣ የነበረውን የሲንኮና ቅርፊት አስታወሰው፤ በኋላ ኪኒን የወጣበትን ማለት ነው። ሌላም ምክንያት ነበረው። ብርድ ብርድ እያለ የሚመላለሰው ትኩሳት የሚበዛው ረግረግ ቦታ ነው፤ አኻያም የሚወደው ረግረግ ነው። ፈጣሪ መድኃኒቱን ከበሽታው አርቆ አያስቀምጥም ብሎ አመነ።

ምክንያቱ ዛሬ ፈገግ ያሰኝ ይሆናል፤ አሠራሩ ግን የሚናቅ አይደለም። ግማሽ ኪሎ የሚያህል ቅርፊት ሰብስቦ ከዳቦ ምድጃ ውጨኛ ግድግዳ ላይ ከሦስት ወር በላይ አደረቀው። ወቅጦ ነፋው። ከዚያ 20 ግሬን፣ በዛሬ ሚዛን 1.3 ግራም ገደማ፣ በየአራት ሰዓቱ መስጠት ጀመረ። ጉዳት እንደሌለው ሲያይ ደፈር ብሎ መጠኑን ጨመረ። 50 ለሚሆኑ ሰዎች ከሰጠ በኋላ በ1763 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ደብዳቤ ጻፈ። ቅርፊቱ ያልሠራላቸው ጥቂት ሰዎች እንዳሉም አልደበቀም።

ስለ አስፕሪን ሲወራ ስቶን "የህመም ማስታገሻውን ያገኘው ሰው" እየተባለ ይነሳል። ደብዳቤውን ስናይ ግን የፈተሸው ትኩሳትን ነው። ስለ ህመም አልጠየቀም። ደግሞም 50ዎቹን የሚያወዳድርበት፣ ምንም ያልተሰጠው ሌላ ቡድን አልነበረውም። የሚመላለስ ትኩሳት በራሱ ጊዜም ይሄዳል። ከሄደ በኋላ "ማን አስኬደው?" ብሎ የሚጠይቅ አልነበረም።

ግማሽ ግሬን

ቀጣዩ እርምጃ የመጣው ከኦፒየም ነው። ኦፒየም ህመም እንደሚያስታግስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። ችግሩ መጠኑ ነበር። ያው አንድ ጠብታ ከአንዱ ማሰሮ ሲሆን አያስተኛም፣ ከሌላው ሲሆን ይገድላል። ፍሪድሪሽ ዘርትዩርነር የሚባል በጀርመን ፓደርቦርን ከተማ የመድኃኒት ቀማሚ ረዳት የነበረ ወጣት፣ ከኦፒየም ውስጥ እንቅልፍ የሚያመጣውን ነገር ለይቶ ለማውጣት ተነሳ። የመጀመሪያ ጽሑፉን በ1805 ሲያወጣ ገና በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ነበር። ያገኘውን ነጭ ክሪስታል በውሾች ላይ ሞከረው፤ ውሾቹ ተኙ። የሰማው ሰው ግን ጥቂት ነው።

በ1817 የጻፈው ይበልጥ ይዘገንናል። ራሱና ዕድሜያቸው ከ17 ያልበለጠ ሦስት ልጆች ሆነው በአልኮልና በውኃ የተበጠበጠ ግማሽ ግሬን፣ ማለትም 30 ሚሊ ግራም ገደማ ጠጡ። ፊታቸው ቀላ። ከግማሽ ሰዓት በኋላ ሌላ ግማሽ ግሬን ደገሙ፤ ከሩብ ሰዓት በኋላ ሰለሱት። አዞራቸው፣ ሆዳቸውን ቆረጣቸው፣ ራሳቸውን ወደ መሳት ደረሱ። ዘርትዩርነር መመረዛቸውን ሲረዳ የሚያስመልስ ጠንካራ ኮምጣጤ አጠጣቸውና ተረፉ። ንጥረ ነገሩን በግሪኮች የሕልም አምላክ ስም "ሞርፊየም" ብሎ ሰየመው፤ ዛሬ ሞርፊን የምንለው ነው።

ልጆቹን ለአደጋ ያጋለጠውን ይህን ሙከራ ዛሬ የትኛውም የሥነ ምግባር ኮሚቴ አይፈቅደውም። ሆኖም ንጥረ ነገሩን መለየቱ ትልቅ ነገር አስገኘ። የዛሬው ግማሽ ግሬን የነገው ግማሽ ግሬን ሆነ። መጠኑ ካልታወቀ ማነጻጸር የለም፤ ማነጻጸር ከሌለ ደግሞ ፍተሻ የለም።

አኻያውም በዚሁ መንገድ ሄደ። በ1828 ሙኒክ ውስጥ ዮሐን ቡክነር ከቅርፊቱ መራራውን ሳሊሲን ለየ። የስኮትላንዱ ሐኪም ቶማስ ማክላጋን መጀመሪያ ራሱ ዋጠው፤ 5፣ ከዚያ 10፣ ከዚያ 30 ግሬን። ምንም ሳይሆን ሲቀር መገጣጠሚያቸው ላበጠ የሪህ ሕመምተኞች ሰጠና ትኩሳቱም ህመሙም እንደቀለላቸው በ1876 ጻፈ። እዚህ ላይ ነው አኻያ በሰነድ ከህመም ጋር የተገናኘው። በ1897 ባየር ኩባንያ ውስጥ የሳሊሲን ዘመድ የሆነው አሲድ ተሻሽሎ ተሠራ፤ በ1899 "አስፕሪን" ተብሎ ወጣ። ለምን እንደሚሠራ ግን እስከ 1971 ድረስ አልታወቀም። በዚያ ዓመት ጆን ቬን አስፕሪን ሰውነት ፕሮስታግላንዲን የሚባለውን ንጥረ ነገር እንዳይሠራ እንደሚያግድ አሳየ።

አይጧ ምን አለች?

መድኃኒት ሠሪዎች በየጊዜው አዲስ ንጥረ ነገር ሲያወጡ ሁሉንም በሰው ላይ መሞከር አይቻልም። ስለዚህ መናገር የማትችል ምስክር ተጠራች፦ አይጥ።

በ1941 ዳሞርና ስሚዝ የተባሉ ተመራማሪዎች የብርሃን ሙቀት በአይጥ ጅራት ላይ አነጣጥረው፣ ጅራቱን እስክታነሳ ያለውን ሰከንድ ቆጠሩ። በ1944 ዉልፍና ማክዶናልድ የጋለ ሳህን አመጡ፤ ዛሬ 55 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ ነው የሚሠራበት። አይጧ እግሯን እስክትልስ ወይም እስክትዘል ይቆጠራል፤ እንዳትቃጠል ደግሞ የጊዜ ገደብ አለው። በ1950ዎቹ መጨረሻ ሆድ ውስጥ የቀጠነ አሴቲክ አሲድ መውጋት ተጀመረ፤ የኮምጣጤው አሲድ ማለት ነው። አይጧ ሆዷን እያኮማተረች ስትወራጭ ስንት ጊዜ እንደሆነ ይመዘገባል። በ1977 ዱብዊሶንና ዴኒስ የፎርማሊኑን ፈተና ጨመሩ፤ መዳፍ ላይ ሲወጋ ህመሙ በሁለት ምዕራፍ ይመጣል። የመጀመሪያው ወዲያው፣ ሁለተኛው ቆይቶ ከብግነት ጋር።

እነዚህ ፈተናዎች ብልሃት አላቸው። ሞርፊን ሁሉንም ያልፋል። አስፕሪን ግን በጋለው ሳህን ላይ ደካማ ሆኖ በአሲዱ ፈተና ጎበዝ ነው። ስለዚህ አንድ የቅጠል ጭማቂ የትኛውን አልፎ የትኛውን እንደወደቀ ሲታይ፣ ሥራው ወደ አንጎልና ወደ ህብለ ሰረሰር ያዘነብል ወይስ ወደ ቁስሉ ቦታ የሚለው ፍንጭ ይገኛል።

እኔ የምተዳደረው ሶፍትዌር በመጻፍ ነው። በሥራችን "ቴስቱ አለፈ" ማለት ፕሮግራሙ ትክክል ነው ማለት እንዳልሆነ ሁሉም ያውቃል። ቴስት የተጠየቀውን ብቻ ነው የሚመልሰው። የጋለው ሳህን የሚጠይቀው "እግሯን ለመላስ ስንት ሰከንድ ፈጀባት?" የሚል ነው። ታዲያ የሰጠናት ጭማቂ ህመሟን ሳይነካ ጡንቻዋን ቢያዝለውስ? ቢያደነዝዛትስ? ያኔም ትዘገያለች፤ ሰንጠረዡ ላይም "ህመም አስታገሰ" ተብሎ ይጻፋል። ጥንቁቅ ተመራማሪ ለዚህ ነው ያቺኑ አይጥ በሚሽከረከር ዘንግ ላይ የሚያስኬዳት። ካልወደቀች ጡንቻዋ ደህና ነው። የአሲዱ ፈተና ደግሞ ከሁሉም ለስላሳ ፈታኝ ነው፤ ህመም ማስታገሻ ያልሆኑ ብዙ መድኃኒቶችም ያልፉታል።

ያልተሰጠ መድኃኒት

አይጧ ስትመሰክር፣ ዋናው ባለጉዳይ ደግሞ በሌላ በኩል ጉድ አሳየ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሄንሪ ቢቸር የሚባል አሜሪካዊ የማደንዘዣ ሐኪም ጣሊያን ውስጥ ነበር። ክፉኛ የቆሰሉ ወታደሮችን "ህመም ማስታገሻ ትፈልጋለህ?" ብሎ ሲጠይቅ ሦስት አራተኛ እጅ የሚሆኑት አንፈልግም አሉት። ቁስል ለወታደር ከጦር ግንባር ወጥቶ ወደ አገሩ መመለሻው ነው። ያው ቁስል በሰላም አገር ቢሆን ሲያስጮህ ያድራል። ህመም የቁስል ስፋት ብቻ እንዳልሆነ ቢቸር በ1946 ጻፈ።

በ1955 ደግሞ ምንም መድኃኒት የሌለበት ማስመሰያ፣ ፕላሴቦ የሚባለው፣ በአማካይ 35 በመቶ ሰዎችን እንዳሻለ ከ15 ጥናቶች ሰብስቦ አወጣ። ቁጥሩ በኋላ ተተችቷል፤ በራሱ ጊዜ የሚሻለውን ሰውም ለፕላሴቦው ቆጥሮለታልና። ጥያቄው ግን ቆመ። በ1978 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሌቪን፣ ጎርደንና ፊልድስ ጥርስ ለተነቀሉ ሰዎች ማስመሰያ ከሰጡ በኋላ ናሎክሶን ሰጡ። ናሎክሶን የሞርፊንን ሥራ የሚያግድ መድኃኒት ነው። በማስመሰያው የተሻላቸው ሰዎች ህመማቸው ተመለሰ። "ተሻለኝ" ያሉት ውሸታቸውን አልነበረም ማለት ነው፤ ሰውነታቸው የራሱን ሞርፊን መሰል ንጥረ ነገር አውጥቶ ነበር።

ይህ ለዕፅዋት ፍተሻ ከባድ ዜና ነው። አያት በእጃቸው ጨምቀው፣ ስመ ሥላሴ ጠርተው የሚሰጡት ቅጠል ህመም ሲያቀል ቅጠሉ ነው ወይስ እጃቸው? መልሱን ለማወቅ መንገዱ አንድ ነው፤ ሰጪውም ተቀባዩም የትኛው እውነተኛው እንደሆነ ሳያውቁ መስጠት።

አኻያ ይህ ፈተና የደረሰው ቄሱ ከጻፈ ከ237 ዓመት በኋላ ነው። በ2000 በታተመ ጥናት ወገባቸውን የሚያማቸው 210 ሰዎች በሦስት ተከፈሉ። ከአራት ሳምንት በኋላ በቀን 240 ሚሊ ግራም ሳሊሲን ያለው ጭማቂ ከወሰዱት 39 በመቶ፣ ግማሹን ከወሰዱት 21 በመቶ፣ ማስመሰያ ከወሰዱት 6 በመቶ ብቻ የመጨረሻውን ሳምንት ቢያንስ አምስት ቀን ያለ ህመም አሳለፉ። ጉዳዩ ተዘጋ እንዳይባል፣ በ2004 የወጣ ሌላ ጥናት የመገጣጠሚያ ሕመም ላለባቸው ሰዎች ያንኑ መጠን ሰጥቶ ከማስመሰያው ጎልቶ የሚታይ ልዩነት አላገኘም። አንድ ዛፍ፣ አንድ መጠን፣ ሁለት ዓይነት ህመም፣ ሁለት መልስ።

ዳማከሴ

አሁን ወደ ጓሯችን እንመለስ። ምች መታኝ ላለ ሰው ዳማከሴ ታሽቶ ይሸተታል፣ ጭማቂው በቡና ይጠጣል፣ ገላ ይታሻል። ራስ ምታቱንም ትኩሳቱንም ያስለቅቃል ይባላል። አዲስ አበባ ያሉ ተመራማሪዎች የቅጠሉን ጭማቂ ትኩሳት በተቀሰቀሰባቸው አይጦች ላይ ፈትሸው በ2003 ውጤቱን አሳትመዋል። የሚገርመው፣ ልክ እንደ ስቶን መጀመሪያ የተያዘው ትኩሳቱ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዩኒቨርሲቲዎቻችን የብዙ አገር በቀል ዕፅዋት ህመም የማስታገስ ኃይል በአይጥ ተፈትሿል። አሠራሩ ባብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ደርቆ የተፈጨ ቅጠል በ80 በመቶ ሜታኖል ይዘፈዘፋል፣ በሦስት መጠን ይሰጣል፣ በአሲዱና በጋለው ሳህን ይለካል። መጨረሻው ላይ "ውጤቱ የባህል አጠቃቀሙን ይደግፋል" የምትል ዓረፍተ ነገር አትጠፋም።

እኔን የምታሳስበኝ ይህቺ ዓረፍተ ነገር ናት። ሥራው ዋጋ የለውም ለማለት አይደለም፤ ባነሰ ገንዘብ፣ ባነሰ መሣሪያ የሚሠራ ከባድ ሥራ ነው፤ ያለዚህ ደረጃም ወደ ሰው መሄድ አይቻልም። ግን እናቶቻችን በሜታኖል አይዘፈዝፉም። በውኃ የማይወጣ ነገር በሜታኖል ሊወጣ ይችላል። እነሱ እርጥቡን ነው የሚያሹት፤ ጥናቱ የደረቀውን ነው የሚፈጨው። ሽታው ሲደርቅ የሚተን ከሆነ የፈተሽነው ሌላ ነገር ነው። "ይደግፋል" የተባለው የቱን አጠቃቀም ነው? በሌላ በኩል፣ በአይጥ ያልሠራውን "ተረት ነው" ብሎ መጣልም ያው ስህተት ነው፤ አይጧን ስለ ምች ማንም አልጠየቃትም።

የቀረው ወደ ሰው መሄድ ነው፤ እዚያ ደግሞ ከባዱ ነገር ማስመሰያው ነው። ነጭ እንክብልን በነጭ እንክብል ማስመሰል ቀላል ነው። ዳማከሴን ግን ኢትዮጵያዊ ዓይኑን ጨፍኖ በሽታው ያውቀዋል። ጤና አዳምማ ከበር ነው የሚታወቀው። ሽታው የሌለበት ጭማቂ ሲሰጠው ሕመምተኛው ወዲያው "ይሄ እሱ አይደለም" ይላል፤ ፈተናውም እዚያው ፈረሰ። ሽታውን ብናስመስልለት ደግሞ፣ ምናልባት ግማሹ መድኃኒት ያው ሽታው ይሆናል። ይህን የሚፈታ ሰው የእኛን ቡና፣ የእኛን ምችና የእኛን አፍንጫ ጠንቅቆ የሚያውቅ መሆን አለበት። ከባየር ቤተ ሙከራ አይመጣም።