ከሐኪም ማስታወሻ የተወለደ መጽሐፍ

የሕክምና መጽሐፍ፤ ደራሲ፦ ዶክተር ሬቤካ ሊ ክራምፕለር፤ ቦስተን፣ አሜሪካ፣ 1883 እ.ኤ.አ.

ዶክተር ክራምፕለር በ1864 ከኒው ኢንግላንድ የሴቶች ሕክምና ኮሌጅ የተመረቁ፣ በአሜሪካ የሕክምና ዶክትሬት ያገኙ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። ከአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት በኋላ በሪችመንድ፣ ቨርጂኒያ፣ ከባርነት ነጻ የወጡ ሰዎችን አክመዋል። ይህ መጽሐፍ በሥራ ዘመናቸው ከያዙት ማስታወሻ የተዘጋጀ ነው፤ ለሐኪም ማስታወሻ ደብተር ከማዳመጫ ያላነሰ መሣሪያ መሆኑንም ይመሰክራል። ማስረጃው አወቃቀሩ ነው። የመጀመሪያው ክፍል ሕፃናትን የሚያጠቃውን የአንጀት ሕመም፣ ሁለተኛው በተለይ የሴቶችንና የወጣቶችን ጤና ይመለከታል። ደራሲዋ የበሽታውን መንስኤ፣ መከላከያውንና ፈውሱን አብረው ይመረምራሉ። መከላከልን ከማዳን እኩል ማየት ብዙ ሕሙማንን ተከታትሎ፣ ያዩትን መዝግቦና አነጻጽሮ የሚደረስበት ዕውቀት ነው።

መጽሐፉ ለእናቶችና ለአስታማሚዎች የተጻፈ ምክር እንጂ ሳይንስ አይደለም፣ አንዳንድ ሕክምናውም ዛሬ ቀርቷል የሚል ሊኖር ይችላል። ሕክምናው መለወጡ እውነት ነው። ነገር ግን ጀርመናዊው ሐኪም ሮበርት ኮኽ የሳንባ ነቀርሳን ተህዋስ ያሳወቀው ገና በ1882 ነበር፤ በዛሬ መለኪያ ከተመዘነ ከዘመኑ የሕክምና መጻሕፍት የሚተርፈው ጥቂት ነው። ለእናቶች መጻፋቸውም የዕውቀት ማነስ ምልክት ሊሆን አይችልም፤ የታመመ ሕፃን ሐኪም ዘንድ ከመድረሱ በፊት በእናቱ እጅ ነውና። የተረጋገጠ ፎቶግራፍ ላልተገኘላቸው ለእኚህ ሐኪም ዋነኛው ምስክር ይህ መጽሐፍ ነው፤ በሕክምና ታሪክ ውስጥ ሙሉ ቦታ ይገባዋል።