ከአጨዳ በኋላ የሚከፈት ሜዳ

ከአስኮ አልፎ በአምቦ መንገድ ቡራዩ የገባ ሰው፣ ታኅሣሥ 29 ቀን አንድ የስም ነገር ይገጥመዋል። አማርኛ ተናጋሪው ጨዋታውን በበዓሉ ስም «ገና» ይለዋል፤ ኦሮምኛ ተናጋሪው ጎረቤቱ ደግሞ በዓሉን በጨዋታው ስም «አያና ቂሌ» ይለዋል። በዓልና ጨዋታ እስከዚህ የተጣበቁበት ሌላ ቀን አላውቅም።

ትውፊቱ ጨዋታውን ለእረኞች ይሰጣል፤ የክርስቶስን ልደት ሰምተው በያዙት ዱላ ጥንግ እየመቱ ፈነደቁ ይላል። እኔ ግን ምክንያቱን ማሳው ላይም እፈልገዋለሁ። በታኅሣሥ መጨረሻ የመኸሩ ሰብል ታጭዷል፣ የክረምቱ ጭቃ ደርቋል፣ ከብቱ ቃርሚያው ላይ ተለቋል፣ ገበሬውም ፋታ አግኝቷል። ከወር በፊት ረግጦ መግባት የሚያጣላበት እርሻ አሁን የሁሉም ሜዳ ነው። ለጨዋታ ተብሎ የተከለለ መሬት አልነበረም፤ አጨዳው ራሱ ይከፍተው ነበር።

የሚያስፈልገውም ትንሽ ነው፦ ጫፉ የተቆለመመ ዱላ፣ ከእንጨት የተጠረበ እሩር ወይም በጠፍር የተሠራ ጥንግ፣ የሚፎካከሩ ሁለት ሰፈሮች። የተጫዋቹ ቁጥር ልክ የለውም፤ ፊሽካ የሚነፋ ዳኛም የለም። ቅልጥሙን የተመታ ያነክሳል እንጂ አይከስስም። ጌታው በሎሌው ዱላ ቢመታ እንኳ መቆጣት ነውር ነበር። ይህን የእኩልነት ምልክት አድርገው የሚያወድሱ አሉ፤ በማግስቱ ሎሌው ሎሌ እንደነበር ግን አይነግሩንም።

አዲስ አበባ በ1879 ከተቆረቆረች በኋላ ጨዋታው ጃን ሜዳ ገባ፤ ከፈረስ ጉግስ ጋር መኳንንቱ የሚመለከቱት ትርኢት ሆነ። ከዚያ ብዙ ዘግይቶ የባህል ስፖርት ፌዴሬሽን የሜዳ ልክ፣ የተጫዋች ቁጥርና ዳኛ አበጀለት። ዛሬ ገና ከትግል፣ ከቀስት፣ ከኩርቦና ከገበጣ ጋር በየዓመቱ አገር አቀፍ ውድድር ይካሄድበታል። ደግ ሥራ ነው። ነገር ግን የክልል ቡድን ማልያ ለብሶ የሚጫወት ሰው ከላይ ሰፈር መጥቶ ታች ሰፈርን አይገጥምም።

ጨዋታን ማደራጀት ግን ከሰፈሩ መነጠል ማለት አይደለም። አየርላንዶች የገናን ዘመድ የሚመስለውን ሀርሊንግን በፈረንጆች 1884 ባቋቋሙት ማኅበር ሲያደራጁ፣ መሠረቱን አጥቢያ አደረጉት። ክለቡ የአጥቢያው ልጆች ነው፤ ዋንጫው ሲመጣም የሚገባው ወደዚያው አጥቢያ ነው።

ወደ ቡራዩ ልመለስ። ቡራዩ፣ ሰበታና ሱሉልታ በ2015 ሸገር ከተማ ውስጥ ተጠቃለሉ። ከዚያ በፊትም ማሳው ቤት፣ መጋዘንና ፋብሪካ እየበቀለበት ነበር። አጨዳ በሌለበት የሚከፈት ሜዳ የለም፤ የገና ዱላ ከቡራዩ ልጆች እጅ እየወጣ ያለው በዋናነት በዚህ ነው እንጂ ባህል ስለናቁ አይደለም። ስለዚህ የከተማውን ፕላን ለምትነድፉ ሰዎች አንድ ልመና አለኝ፦ በየወረዳው ቢያንስ አንድ ሜዳ፣ ሳይታጠር፣ ለታኅሣሥ 29 ተዉልን።