1833 ያልሆነው ዩኩሌሌ

አንዲት ትንሽ ዩኩሌሌ እጃችሁ ገባች እንበል። አራት ክር ያላት፣ ከቡናማ ማሆጋኒ እንጨት የተሠራች፣ ብብት ሥር የምትያዝ። ራሷ ላይ በወርቃማ ፊደል የማርቲን ኩባንያ ስም፣ ከሥሩም «የተመሠረተው 1833» የሚል ተለጥፎባታል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ሲደርስ ዓይኑ ይፈጣል፦ ሁለት መቶ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ ዕቃ!

ኧረ ቆይ። በ1833 ዩኩሌሌ የሚባል ነገር ገና አልተፈጠረም። ያ ዓመት ክርስቲያን ፍሬድሪክ ማርቲን የተባለው ጊታር ሠሪ ከጀርመን ተነሥቶ ኒውዮርክ የገባበት ነው። የድርጅቱ ልደት እንጂ የመሣሪያዋ ልደት አይደለም። (እዚህ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ለኛ ይሄ ብዙም እንግዳ ሊሆን አይገባም። አያቶቻችን ሲገበያዩበት የኖሩትን ጠገራ ብር አስቡት። ላዩ ላይ የታተመው 1780 ነው፤ ማሪያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት። ብሩ ግን እሷ ከሞተች ከመቶ ዓመት በኋላም ያንኑ 1780 እየታተመበት ይወጣ ነበር። የተጻፈ ዓመት ሁሉ የልደት ቀን አይደለም። ታዲያ የአንድን ፋብሪካ ሠራሽ ዕቃ ዕድሜ በምን እናውቃለን?

መጀመሪያ ነገሩ ከየት እንደመጣ እንይ። በነሐሴ 1879 «ሬቨንስክራግ» የተባለች መርከብ ከፖርቹጋሏ የማዴይራ ደሴት ተነሥታ፣ በሸንኮራ እርሻ ሊሠሩ የተዋዋሉ ስደተኞችን ጭና ሆኖሉሉ ደረሰች። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ማኑኤል ኑኔስ፣ አውጉስቶ ዲያስ እና ዦዜ ዶ እስፒሪቶ ሳንቶ የሚባሉ የእንጨት ሥራ ባለሙያዎች ነበሩ። ከአገራቸው የሚያውቁትን ባለ አራት ክር ትንሽ መሣሪያ፣ ማሼቴን፣ ኮዋ በሚባለው የሃዋይ እንጨት ይሠሩ ጀመር። ንጉሥ ካላካዋ ወደዱት፤ ቤተ መንግሥት ገባ። የሃዋይ ሰዎችም ዩኩሌሌ አሉት። ስሙ ብዙ ጊዜ «ዘላይ ቁንጫ» ተብሎ ይተረጎማል።

የመጀመሪያዋ ድንበር እንግዲህ ይቺ ናት፦ ከ1879 በፊት የተሠራ ዩኩሌሌ የለም። ሁለተኛዋ ድንበር 1915 ናት። በዚያ ዓመት ሳን ፍራንሲስኮ ላይ በተካሄደው ታላቅ ዓለም አቀፍ ኤግዚቢሽን፣ የሃዋይ ሙዚቀኞች ጎብኚውን አሳበዱት። አሜሪካ በዩኩሌሌ ፍቅር ወደቀች፤ ጊታርና ማንዶሊን ሲሠሩ የኖሩ ፋብሪካዎችም ፊታቸውን ወደዚህች ትንሽ መሣሪያ አዞሩ።

ማርቲን ኩባንያ በፔንሲልቫኒያዋ ናዝሬት ከተማ ነው የሚሠራው። በ1907 ዩኩሌሌ ሞክሮ አልቀናውም ነበር፤ እንደ ጊታር አጠናክሮ ስለሠራው ድምፁ ታፈነ። ከኤግዚቢሽኑ በኋላ አቅልሎ ሲሠራው ግን ገበያው ደራ። በ1920ዎቹ አጋማሽ፣ ገበያው ጣሪያ በነካበት ጊዜ፣ በዓመት ከአሥር ሺህ በላይ ዩኩሌሌ ያወጣ ነበር።

ችግሩም የሚጀምረው እዚሁ ላይ ነው። ማርቲን ከ1898 ጀምሮ ጊታሮቹ ላይ ተከታታይ ቁጥር ይመታል። ቁጥሩን ካያችሁ ዓመቱን ታገኛላችሁ፤ በቃ። ዩኩሌሌዎቹ ላይ ግን መጀመሪያ አካባቢ ለጥቂቶቹ ብቻ ቁጥር ተሰጠና ቀረ። ጊታሩ ተመዘገበ፤ ርካሿ ታናሽ እህቱ ሳትመዘገብ ከቤት ወጣች። ስለዚህ ዛሬ ዕድሜዋን ማወቅ የሚፈልግ ሰው ገላዋን ማንበብ አለበት።

እንዴት? መቃኛዎቹን ተመልከቱ። የመጀመሪያዎቹ ማርቲኖች መቃኛ ከእንጨት ነበር፤ በ1920ዎቹ መጀመሪያ በብረት መተካት ጀመረ። ቀጥሎ ራሷን ገልብጡ። በቀደመው ጊዜ የኩባንያው ስም እንጨቱ ላይ ከራሷ ጀርባ በማኅተም ይመታ ነበር፤ ፊት ለፊት የሚለጠፈው ወርቃማ ጽሑፍ የመጣው በ1930ዎቹ መጀመሪያ አካባቢ ነው። አያችሁ? ያ ሁሉ ሰው «1833!» ብሎ የጮኸበት ተለጣፊ ራሱ መሣሪያዋ ከ1930ዎቹ እንደማትቀድም ይመሰክራል። ከዚያ በድምፅ ቀዳዳው ወደ ውስጥ በባትሪ አብሩ። «በአሜሪካ የተሠራ» የሚል ማኅተም ካለ ወደ 1960ዎቹና ከዚያ ወዲህ እንመጣለን።

ሕጉ ቀላል ነው፦ አንድ ዕቃ አብሮት ከተሠራው በጣም አዲስ ክፍሉ ሊበልጥ አይችልም። «አብሮት ከተሠራው» የምትለዋን ቃል ግን አትዝለሏት። ክር ይበጠሳል፣ ይቀየራል። የድሮዎቹ እንደ ክራራችን ጅማት ነበሩ፤ ናይለን የተስፋፋው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ነው። ስለዚህ ናይለን ክር ያየ ሰው «አዲስ ናት» ቢል ተሳሳተ፤ ክሩ ትናንት የተገዛ ሊሆን ይችላል። መቃኛም ይቀየራል፤ የተቀየረ እንደሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አሻራ ይተዋል። የተደፈነ ቀዳዳ ወይም ከአዲሱ መቃኛ ዙሪያ ቀለሙ የተለየ ክብ ምልክት ይታያል።

ወረቀት የተለጠፈባቸው ደግሞ ሌላ ፍንጭ ይሰጣሉ። ሃዋይ ከ1900 እስከ 1959 የአሜሪካ ግዛት እንጂ ክፍለ ሀገር አልነበረችም፤ በዚያ ዘመን አድራሻዋ ላይ «ቲ.ኤች.» የሚል ምኅጻረ ቃል ይጻፍ ነበር። የአሜሪካ ፖስታ ባለ አምስት አኃዝ ኮድ የጀመረው በ1963 ነው። «በተያዘችው ጃፓን የተሠራ» የሚል ጽሑፍ ደግሞ ጃፓን በጦርነቱ ተሸንፋ እስከ 1952 በቆየችበት የወረራ ዘመን ብቻ የሚገኝ ነው። ልዩነቱን ግን ልብ በሉ። ፖስታ ኮዱ ያለበት ወረቀት ከ1963 በፊት ሊታተም በፍጹም አይችልም። «ቲ.ኤች.» የሚለው ግን ከ1959 በኋላም መሳቢያ ውስጥ የተረፈ ወረቀት ተለጥፎ ሊሆን ይችላል። «ከዚህ አትቀድምም» የሚለው ማስረጃ «ከዚህ አታልፍም» ከሚለው ይጠነክራል።

የተሠራችበት ነገርም ይናገራል። በ1949 ጣሊያን ተወላጁ ጊታር ሠሪ ማሪዮ ማካፌሪ «አይላንደር» የተባለ የፕላስቲክ ዩኩሌሌ አወጣ። አርተር ጎድፍሬይ የተባለው ዝነኛ አቅራቢ በቴሌቪዥን ዩኩሌሌ እየተጫወተ ሕዝቡን ሲያነሳሳ ፕላስቲኳ በሚሊዮን ተቸበቸበች። «ይቺን አይላንደር ቅድመ አያቴ ከ1915ቱ ኤግዚቢሽን ነው የገዛት» የሚላችሁ ሰው ካለ እንግዲህ ነገሩን ታውቁታላችሁ።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? አንደኛ ገንዘብ ነው፤ በሻጭ አፍ ሃያ ዓመት መጨመር ዋጋ መጨመር ነው። ከገንዘብ የሚበልጠው ግን ባለቤትነት ነው። ዩኩሌሌ ተወዳጅ በሆነችባቸው በእነዚያ ዓመታት፣ ከሃዋይ በሺህ ማይሎች የራቁ ፋብሪካዎች የሠሩትን ዕቃ «ሃዋያዊ» እያሉ ይሸጡ ነበር። የደሴቶቹ ሠሪዎች ተቆጥተው፣ ከሃዋይ አርማ ጋር «ታቡ፣ በሃዋይ የተሠራ» የሚል ማኅተም ማሳረፍ ጀመሩ። ታቡ ማለት ክልክል፣ የማይነካ ማለት ነው። ሳሙኤል ካማካ በ1916 ሆኖሉሉ ውስጥ የከፈተው አነስተኛ ሱቅ፣ ኋላም አናናስ የመሰለውን ዩኩሌሌ የፈጠረው፣ በዚያ ፉክክር መሐል ተርፎ ዛሬም በቤተሰቡ እጅ ነው። አንዲት መሣሪያ መቼና የት ተሠራች ብሎ መጠየቅ፣ የማን እጅ ሠራት ብሎ መጠየቅም ነው።

ወደ ያዝናት ዩኩሌሌ ስንመለስ፦ ፊቷ ላይ ተለጣፊ አለ፣ ስለዚህ ከ1930ዎቹ አትቀድምም። መቃኛዋ የብረት ነው፣ ያለመቀየሩን ዙሪያው ይመሰክራል። ሆዷ ውስጥ «በአሜሪካ የተሠራ» የሚል የለም፣ ስለዚህ ከ1960ዎቹ በፊት ሳትሆን አትቀርም። የሠላሳ ዓመት ክፍተት ነው። «አንድ ዓመት ንገረኝ» ለሚል ሰው ላያጠግብ ይችላል። ግን ራሷ ላይ በወርቅ ከተጻፈው 1833 ይልቅ ይህ ሠላሳ ዓመት እውነት ነው።