የቆዳ ካንሰር ቀዶ ሕክምና ቁስል አያያዝ
ካንሰሩ ተቆርጦ ከወጣ በኋላ ቁስሉ እስኪሽር የሚደረግ እንክብካቤ ነው። በጥቁር ቆዳ ላይ በሽታው ሳይሽር ከቆየ የእግር ቁስል ወይም ከቃጠሎ ጠባሳ ብዙ ጊዜ ይነሳል፤ የእግር ቁስል ቶሎ ስለማይሽር እግርን ከፍ አድርጎ ማሳረፍ ይረዳል። ሐኪሙ ሌላ ካላዘዘ የመጀመሪያው ፋሻ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አይነካም። ከዚያ ቁስሉ በየቀኑ በንጹሕ ውሃና በሳሙና በቀስታ ታጥቦ፣ ቫዝሊን ተቀብቶ ይሸፈናል፤ አመድም ቅጠልም ፈጽሞ አይደረግበትም። ከሌላ ቦታ ቆዳ ተወስዶ ከተለጠፈበት ግን ፋሻውን የሚፈታው ሐኪሙ ብቻ ነው። ከደማ፣ እየገለጡ ሳያዩ 15 ደቂቃ አጥብቆ መጫን። መግልና ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ ሕመም ቀጠሮ አይጠብቁም። ለምሳሌ በሰሜን ወሎ ካለችው ከውርጌሳ ለሚነሳ ታካሚ የወልዲያ ሆስፒታል አለ፤ ደሴ አቅራቢያ ያለው ቦሩ ሜዳ ሆስፒታልም በቆዳ ሕክምና የታወቀ ነው። ቁስሉ ቢደርቅም፣ ካንሰሩ ከነጠርዙ መውጣቱን የሚያሳየው የላቦራቶሪ ውጤት የግድ መታየት አለበት።