ጨው የሄደበት መንገድ፦ የማዕድን አካባቢን ታሪክና መልክዐ ምድር ለመምህራን ስለ ማስተማር

(በቆቦ ከተማ ለጂኦግራፊ፣ ለታሪክና ለኅብረተሰብ ሳይንስ መምህራን በቃል የቀረበ ትምህርት)



የዛሬው ርእሳችን የአንድን የማዕድን አካባቢ ታሪክና መልክዐ ምድር ለመምህራን እንዴት እናስተምር የሚል ነው። ርእሱ ሲነበብ ከወደ ኋላ «ቆቦ ደግሞ ምን ማዕድን አላት?» የሚል ድምፅ ሰምቻለሁ። ጥያቄው ተገቢ ነው። የዚህ አገር ሰው ማሽላና ጤፍ ያመርታል፣ ከብትና ግመል ያረባል እንጂ ጉድጓድ ገብቶ ማዕድን አያወጣም። በክፍል ውስጥም ስለ ማዕድን የሚያወራው ምዕራፍ ሲደርስ ወርቅ ሻኪሶ፣ ታንታለም ቀንጢቻ፣ ኦፓል ደላንታ፣ ፖታሽ ዳሎል ብለን እንዘረዝራለን። ተማሪው ይሸመድደዋል፣ ይፈተንበታል፣ ክረምት ሳይገባም ይረሳዋል።

የእኔ ሐሳብ ይህ ነው። የማዕድን አካባቢ ማለት ማዕድኑ የሚቆፈርበት ቦታ ብቻ አይደለም። ማዕድኑ የተጓዘበት መንገድ፣ ያረፈበት ገበያ፣ ቀረጥ የተከፈለበት በር፣ የጫነው ግመል የጋጠው ሣርም የማዕድኑ አካባቢ ናቸው። በዚህ ዓይን ካየነው ራያ ቆላ ከኢትዮጵያ ጥንታዊ የማዕድን አካባቢዎች በአንዱ ደጃፍ ላይ የተቀመጠ አገር ነው። ማዕድኑም ጨው ነው።

ከምድሩ እንጀምር። ከዚህ አዳራሽ ስትወጡ በስተ ምሥራቅ የዞብል ተራሮች፣ በስተ ምዕራብ ወደ ላስታ የሚወጣው ገደል ይታያችኋል። በሁለቱ መካከል ያለው ለጥ ያለ ሜዳ ጥንቱን ሜዳ ሆኖ የተፈጠረ አይደለም። የአፋር ስምጥ ሸለቆ ሲከፈት በጠርዙ በኩል ተሰብሮ የወረደ፣ ከዚያም ከደጋው በወረደ ደለል የተሞላ ምድር ነው። በከርሰ ምድር ውኃ የምናለማው የቆቦ ጊራና ሸለቆ ውኃውን የያዘው በዚህ ደለል ውስጥ ነው። (በነገራችን ላይ ውኃውን ከሚተካው ዝናብ ይልቅ አብዝተን ከቀዳነው ያ ራሱ ማዕድን ማውጣት ይሆናል፤ ይህን ግን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ይኸው ስብራት ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲቀጥል ምድሩን ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ወስዶታል። የቀይ ባሕር ውኃ በጥንት ዘመን ወደዚያ ገባ፣ መግቢያው ተዘጋበት፣ ፀሐይ አተነነችው። የቀረው የዳሎልና የአሳሌ የጨው ሜዳ ነው። ስለዚህ ተማሪያችሁ የሚያርሰው መሬትና በወጡ ውስጥ የሚነሰንሰው ጨው የአንድ ስብራት ሥራ ናቸው። ከቆቦ እስከ ዳሎል በቀጥታ መስመር ቢለካ 240 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመልክዐ ምድር ትምህርት ከዚህ የተሻለ መግቢያ አላውቅም፤ ምክንያቱም ልጁ በመስኮት አሻግሮ ሊያየው ይችላል።

አሁን ወደ ታሪኩ። በ6ኛው ምዕተ ዓመት የኖረው ግሪካዊ ነጋዴ ኮስማስ የአክሱም ነጋዴዎች በሬ፣ ጨውና ብረት ይዘው ወደ ደቡብ እየወረዱ በወርቅ ይለውጡ እንደነበር ጽፏል። እ.ኤ.አ. በ1520 ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ ደግሞ የአሞሌውን መጠን ሳይቀር ይነግረናል፦ ርዝመቱ ስንዝር ተኩል፣ ወርዱ አራት ጣት፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት። ለትምህርት የሚበጀው ግን ዋጋው ነው። ጨው በሚወጣበት አጠገብ አንድ ድራም የሚባለው መለኪያ ከ120 እስከ 130 አሞሌ ያስገኝ ነበር። አንድ ቀን ርቆ ባለ ገበያ ቁጥሩ በአምስት በስድስት ይቀንሳል። ከገበያ ወደ ገበያ እንዲህ እየቀነሰ ሄዶ በንጉሡ ሠፈር 6 ወይም 7 ብቻ ይሆናል።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ይህን ሐሳብ ለሰባተኛ ክፍል ተማሪ ስትሰጡት ቁጥሩን አታስጠኑት። ልዩነቱን ማን እንደበላው ጠይቁት። ግመሉ ይበላል፣ በቅሎው ይበላል፣ በየኬላው ያለው ቀራጭ ይበላል፣ በመንገድ የሚሰበረው አሞሌም ኪሳራ ነው። ሜዳው ላይ በዚያ ሙቀት ጨውን በእንጨት የሚፈነቅለውና በመጥረቢያ የሚጠርበው የአፋር ሰው ከዚህ ሁሉ ስንቱ ደረሰው? ልጆች ይህን ጥያቄ ይወዱታል፤ ቶሎም ይገባቸዋል፤ ምክንያቱም ቲማቲም ከማሳ ላይ በስንት ተሽጦ ከተማ በስንት እንደሚገባ ከአባቶቻቸው አፍ ይሰማሉ።

ዋናው የጨው መንገድ ከቆላው ወደ ትግራይ ደጋ ይወጣል። ሰቆጣም የታወቀች የጨው ገበያ ነበረች። ራያ ደግሞ ከትግራይ ወደ አንጎት፣ ከአንጎት ወደ አምሐራና ሸዋ በሚወርደው መንገድ ላይ ነው። አልቫሬዝ በዚህ ሲያልፍ ማናደሌይ የምትባል ትልቅ የንግድ ከተማ እንዳየ ጽፏል፤ ተመራማሪዎች በአሸንጌና በራያ አካባቢ ያስቀምጧታል። ነዋሪዎቿ ሙስሊም ነጋዴዎች ነበሩ፤ ከካይሮ፣ ከጅዳ፣ ከሞሮኮና ከሕንድ የመጡ ሰዎችም ይታዩባት ነበር። የዚያች ከተማ ስም በስንቱ መማሪያ መጽሐፍ ተጽፏል? የራያ ልጅ ዓለም አቀፍ ንግድን የሚማረው በቬኒስ ምሳሌ ነው።

አሁን ግን ከባዱ ክፍል ይመጣል። በዚያ ዘመን የዚህ ቆላ ነዋሪዎች ዶብአ ይባሉ ነበር። ዐፄ በእደ ማርያም (1468-1478 እ.ኤ.አ.) ዘምተውባቸዋል። አልቫሬዝም ስለ እነርሱ ሲጽፍ አንድ የዶብአ ወጣት 12 ክርስቲያን መግደሉን በመሐላ ሳያረጋግጥ ሚስት አያገባም ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ለመምህራን ስሰጥ አዳራሹ ሁልጊዜ ጸጥ ይላል። ከዚያ እንድንጠይቅ የምፈልገው ይህን ነው፦ ይህን ለአልቫሬዝ ማን ነገረው? ቋንቋቸውን አያውቅም፣ ቤታቸው አልገባም። የነገሩት ከእነርሱ ጋር ሲዋጉ የነበሩ ጎረቤቶቻቸው ናቸው። ዜና መዋዕሉንም የጻፈው የዘመተው ንጉሥ ጸሐፊ ነው። ዶብአ ራሳቸው የጻፉት አንድም ገጽ በእጃችን የለም። ከደጋ የሚወርደው ሹም ቀረጥ የሚለውን የቆላው ሰው ዘረፋ ብሎት ሊሆን ይችላል፤ ሹሙም የቆላውን ሰው ድርሻ ዘረፋ ይለዋል። የጨው ታሪክ ሁሉ በዚህ ክርክር የተሞላ ነው።

ይህን ለምን እንዳነሣሁት ታውቃላችሁ። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት ይህች ከተማ ምን እንዳየች ለእናንተ መንገር የእኔ ድርሻ አይደለም። አሁን ግን በየክፍሉ የማየው አንድ ነገር አለ። መምህሩ ስለ ጎረቤት ሕዝብ የሚናገር ርእስ ላይ ሲደርስ ወይ ይዘልለዋል፣ ወይ አልቫሬዝ እንደ ሰማው ዓይነት ወሬ አድርጎ ያወራዋል። ዝምታውን አልወቅስም፤ በፊቱ የተቀመጡት ልጆች ወንድም የቀበሩ ናቸውና። ሆኖም ጨውን ሳንጎራበት ማስተማር አይቻልም። ጨው የሚወጣው ከአፋር ነው። ግመል ነድተው የሚወርዱት አርሆዎች የትግራይ ደገኞች ነበሩ። የሚልሰው ከብት የወሎ፣ የሚገዛው ሰው የጎንደርና የሸዋ ነው። ከእነዚህ አንዱን ብታወጡ ታሪኩ አይቆምም። የአምስት መቶ ዓመት ርቀት ያለው ርእስ ስለሆነም ልጁ ቁስሉ ሳይነካበት ማሰብ የሚለማመድበት ቦታ ይሆናል። በእኔ ግምት ለዚህ ሥራ ከዶብአ ዓረፍተ ነገር የተሻለ መልመጃ የለም።

ወደ ዘመናችን በፍጥነት እንለፍ። ምኒልክ እ.ኤ.አ. በ1894 የራሳቸውን ብር ቢያስመቱም አሞሌ ከገበያ ወዲያው አልወጣም፤ በየገጠሩ እስከ 20ኛው ምዕተ ዓመት ዘልቋል። ጣልያኖች በዳሎል ፖታሽ ቆፍረው ከመርሳ ፋጡማ ወደብ ወደ ውስጥ ባቡር ዘረጉ፤ በኋላም አሜሪካኖች፣ ካናዳዎች፣ ኖርዌጃውያን እየመጡ መረመሩ። ፖታሹ ግን ዛሬም እዚያው ነው።

ዛሬ የምንበላው ጨው በአብዛኛው አሞሌ አይደለም፤ ከአፍዴራ ሐይቅ የጨው ውኃ ወደ ገንዳ ተስቦ በፀሐይ የሚደርቅ ነው። ለዚህም ምክንያቱ ጦርነት ነው። እስከ 1990 ዓ.ም. ድረስ አገሪቱ ጨው የምታገኘው በተለይ ከአሰብና ከምፅዋ ነበር። ድንበሩ ሲዘጋ አፍዴራ ተነሣ። አዲሱ ጨው ግን በጥድፊያ የመጣ ስለነበር አዮዲን አልነበረውም፤ ቀደም ሲል የተጀመረው አዮዲን የመጨመር ሥራም ተቋረጠ። የደጋ አፈር በዝናብ ስለሚታጠብ አዮዲኑ ትንሽ ነው፤ ውጤቱም እንቅርት ነው። አማርኛችን «በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» የሚለው በሽታው የዕለት ተዕለት እይታው ስለነበረ ነው። አንገት ላይ ከሚታየው እብጠት የሚከፋው ደግሞ የማይታየው ነው፤ በእርግዝና ወቅት አዮዲን ያጣ ፅንስ አእምሮው ይጎዳል። ለምግብ የሚውል ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲኖረው የሚያስገድደው ደንብ የወጣው በ2003 ዓ.ም. ነው። እዚህ ላይ ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ባዮሎጂ በአንድ ማንኪያ ውስጥ ተገናኙ። የባዮሎጂ መምህሩን ጋብዙት፤ ክፍለ ጊዜውን አይነፍጋችሁም።

ከሻይ በኋላ በአራት ቡድን እንከፈላለን። እያንዳንዱ ቡድን ከገበያ የተገዛ አንድ እሽግ ጨውና፣ ብታገኙ፣ አንድ ቁራጭ አሞሌ ይዞ ይቀመጣል። እሽጉ ላይ ምን እንደተጻፈ አንብቡ፤ ሻጩን ከየት እንዳመጣው ጠይቃችሁ ኑ። የማድላችሁ ካርታ ከፍታና ዝቅታ ብቻ ያለበት ነው፤ የክልል ወሰን አልተሠመረበትም። መጀመሪያ ጨው የሄደበትን መንገድ ሥሩበት፤ ወሰኑን ከሰዓት በኋላ በላዩ ላይ እናሠምራለን፤ መንገዱን የት የት እንደሚቆርጠውም አብረን እናያለን።