ወታደር ጦር ሜዳ ሳይደርስ እንዳይጐዳ

የወታደር ጉዳት ሲነሣ ብዙዎቻችን የምናስበው የጠላትን ጥይት ነው። ነገር ግን ጠላት ሳያይ በልምምድ ሜዳ እግሩ ተጐድቶ የሚቀር ወታደር በየአገሩ ጥቂት አይደለም። ይህ ጉዳት የጀግንነት ዋጋ ነውን? ወይስ አስቀድሞ ሊከለከል የሚገባው ጥፋት? ለዚህ ጥያቄ የአባቶቻችን ታሪክ መልስ አለው።

ከላላና መካነ ሰላም የሚገኙበት ወሎ በፈረሰኛው የታወቀ አገር ነው። በ1888 ዓ.ም. በዓድዋ ጦርነት የጄኔራል ዳቦርሚዳን ጦር ድል ከመቱት መካከል የወሎው ራስ ሚካኤል ፈረሰኞች ነበሩ። በዚያን ዘመን ፈረሰኛ እጁንና ዓይኑን የሚያሠለጥነው በጕግስ ሜዳ ነበር። አንዱ ወገን ይሸሻል፤ ሌላው እያሳደደ ይወረውራል፤ ሸሺውም በኮርቻው ላይ ዞሮ በጋሻው ይመክታል። የሚወረወረው ግን ብረት የሌለው በትር ነው። አባቶቻችን ብረቱን ያስቀሩት ፈርተው አይደለም። ወንድሙን በጨዋታ ያቈሰለ ሰው በጦርነት ቀን ረዳት እንደሚያጣ ስላወቁ ነው እንጂ።

ከዚያም አዲሱ ሥልጠና መጣ። በ1922 ዓ.ም. የቤልጅግ መኰንኖች የክብር ዘበኛን ማሠልጠን ጀመሩ፤ በ1927 ዓ.ም. ደግሞ በስዊድን መኰንኖች የሚመራው የሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ተከፈተ። ረጅም የእግር ጉዞና ሸክም የምልምሉ የዕለት ሥራ ሆነ። ከዚህም ጋር በዓይን የማይታይ አደጋ አለ። እ.ኤ.አ. በ1855 ብራይትሃውፕት የተባለ የፕሩሲያ ጦር ሐኪም ከረጅም ጉዞ በኋላ የወታደሮች እግር እንደሚያብጥ ጻፈ። ምክንያቱ የአጥንት መሰንጠቅ መሆኑ የታወቀው ግን እ.ኤ.አ. በ1897 በራጅ ነው። አጥንት በተደጋጋሚ ጫና ጥቂት በጥቂት ይጐዳል፤ ዕረፍት ሲያገኝ ራሱን ይጠግናል። ጫናው በድንገት ከበዛና ዕረፍት ከጠፋ ግን ጉዳቱ ጥገናውን ይቀድማል፤ አጥንቱም ይሰነጠቃል።

ከዚህ የሚያመልጥ ብርቱ የለም። የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላ በ1952 ዓ.ም. በሮም፣ በ1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ማራቶንን ያሸነፉ ጀግና ነበሩ። በ1961 ዓ.ም. በሜክሲኮ ግን በእግራቸው ጉዳት ምክንያት 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጠው አቋረጡ፤ ድሉም የጦር ባልደረባቸው የማሞ ወልዴ ሆነ። እንግዲህ እንዲህ ያለውን ሰው ያስቆመ ሕመም በአንድ ምልምል ላይ ሲደርስ ስንፍና ሊባል ይገባልን?

«ሳይቃጠል በቅጠል» እንዲሉ፣ መከላከያው ቀላል ነው። ጉዞውና ሸክሙ በየሳምንቱ በልክ ይጨመር፤ ከከባድ ቀን በኋላ ቀላል ቀን ይከተል፤ ጫማው በእግሩ ልክ ይሁን። ከደጋ ወደ ቈላ የወረደ ምልምል ሰውነቱ ሙቀቱን እስኪለምድ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይታገሡት። ከሁሉም በላይ ሕመሙን በጊዜ የተናገረ ወታደር አይዘለፍ። የሚዘለፍ ከሆነ ይደብቀዋል፤ የተደበቀ ስንጥቅም ስብራት ይሆናል።

ክቡራን አድማጮች፤ ከከላላ ገደላማ መንደር የመጣ ጐልማሳ አንካሳ ሆኖ ቢመለስ ያን ተዳፋት ማሳ ማን ያርስለታል? የዚህ ኀላፊነት የአሠልጣኙ ብቻ አይደለም። የጫማውን ግዥ የሚፈርመው፣ የሥልጠናውን ጊዜ የሚመድበው፣ የሐኪሙን በጀት የሚያጸድቀው ሁሉ በቢሮው ተቀምጦ የወታደሩን አጥንት ይጠብቃል፤ አለዚያም ይሰብራል።